ሳይበላ የተበተነው ደቦ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለነዕማ፣

ትናንት ረቡዕ፣ በእኔ ድርሻ በኩል ያሉት የአባታችን ማንጎዎች ተቆረጡ። አሁን ከደረቴ ከፍ ብሎ የቆመ አንድም የለም።

አሰላሙ ዐለይኩም እታለም። ወሬውን ከሰላምታ ያስቀደምኩት ሥርዓት ጠፍቶኝ አይደለም። የዚህ አገር ወሬ ከደብዳቤ ይፈጥናል፤ በሌላ ሰው አፍ ተጣሞ ከሚደርስሽ ከእኔው እጅ ይሁን ብዬ ነው። አሁን ደግሞ እንደ ወጉ ልጠይቅሽ። እንዴት ከረምሽ? የወገብሽ ነገር ምን ደረሰ? ሐኪሙ ከባድ አታንሺ ያለሽን ሰምተሻል ወይስ አሁንም ጆንያውን የምትጎትቺው ራስሽ ነሽ? እናታችንስ እንዴት ናት? የኮምቦልቻ የጥር ብርድ እንዴት ያደርጋታል? የላክንላትን ሹራብ ትለብሰዋለች ወይስ አጣጥፋ ለክፉ ቀን አስቀምጣዋለች? ጆሮዋስ ያው ነው? ጸሎቷን በሰዓቱ እንደምታደርስ አልጠይቅም፤ እሱን ማንም አያስረሳትም።

እኛ አልሐምዱ ሊላህ በሕይወት አለን። ባለቤቴ ዐፊፋ ደህና ናት። ልጃችን ዐርዋ የፊት ጥርሶቿን ጥላ፣ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። እኔ ጉልበቴ ስቀመጥም ስነሳም ይንቋቋል፤ ጀርባዬም ከግድቡ ተከትሎኝ መጥቶ አብሮኝ ይኖራል። ሌላው ደህና ነው።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ጻፈ ትዪ ይሆናል። ባለፉት ወራት በስልክ የጀመርነውን ነገር አንድ ጊዜ እንኳ ጨርሰነው አናውቅም። አንቺ የእናታችንን ነገር ስታነሺ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ዝም እላለሁ፣ ከዚያ ኔትወርኩ ይቆረጣል። እውነቱን ልንገርሽና፣ ሲቆረጥ እፎይ የምልበት ጊዜ አለ። ወረቀት ላይ ግን የጀመርኩትን ሳልጨርስ የሚያቋርጠኝ የለም። ገበያ ውስጥ ጨርቅ የሚሸጠው ሙዳሲር ለሸቀጥ ወደ ደሴ ስለሚወጣ በእጁ ያደርስልሻል። ለእናታችን ስታነቢላት ስለ ጀርባዬ የጻፍኩትን መስመር ዝለይላት።

ነገሩን ከሥሩ ልጀምረው። ግድቡ ላይ አሥራ አንድ ዓመት መሥራቴን ታውቂያለሽ፤ ምን ዓይነት ኑሮ እንደነበረ ግን አጫውቼሽ አላውቅም። ለበዓል ስመጣ ሁሉም ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ግድቡ ቁመት ነበር። ጉባ ሙቀቱ ከላይም ከታችም ነው፤ የያዝሽው ብረት በጓንት ውስጥ ያቃጥላል። ኮንክሪት መሙላት ከተጀመረ ደግሞ አይቆምም፤ የቀኑ ሽፍት ሲወጣ የማታው ይተካል። መጀመሪያ ተራ ሠራተኛ ነበርኩ። ኋላ አንድ ቡድን ሰጡኝና ፎርማን ተባልኩ፤ ፊሽካም አንገቴ ላይ ተንጠለጠለ። በፊሽካ ተነሥቻለሁ፣ በፊሽካ በልቻለሁ፣ በፊሽካ ተኝቻለሁ፤ በመጨረሻም ነፊው እኔ ሆንኩ። በሥራው አላፍርም። ውሃው ግድግዳውን ተደግፎ ሲተኛ ባየሁ ቀን እንደ ልጅ ነው የሆንኩት። ሥራው እየተገባደደ ሲሄድ ግን ሰው በየተራው ተሸኘ። የእኔም ተራ ደርሶ ኅዳር 2017 ላይ አንድ ሻንጣና አንድ ፍራሽ ይዤ መንደር ገባሁ።

የመጀመሪያዎቹን ወራት ተኝቼ ነው ያሳለፍኳቸው። ሰውነቴ ቀኑን ከሌሊቱ መለየት አቅቶት ነበር። ጎረቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ በሩ ላይ ዐፊፋን ያገኛል። ታሟል አላለቻቸውም፣ ሰንፏልም አላለቻቸውም። ኋላ እንደሰማሁት ለሁሉም የምትሰጠው መልስ አንድ ነበር፤ "ገና አልመጣም" ትላቸው ነበር አሉ።

በዚያው ሰሞን ስለ እኔ የሚያስቡ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንዱ ኢተፋ ነው፤ ግድቡ ላይ አብሮኝ የሠራ የነጆ ልጅ፣ አሁን ደቡብ ውስጥ ሌላ ግንባታ ላይ ኃላፊ ሆኗል። ቦታህን ይዤልሃለሁ፣ መኪናው አሶሳ ድረስ መጥቶ ይወስድሃል አለኝ። ሁለተኛዋ አንቺ ነሽ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሥራ እንዳገኘሽልኝ፣ የአባታችንን ቦታ ዕቃ ማከማቻ ሊሠራበት ለሚፈልገው ነጋዴ ለረጅም ዘመን አከራይተን ሁላችንም ወደ አገራችን እንድንገባ ነገርሽኝ። ሁለታችሁም ይህን ያደረጋችሁት ስለምትወዱኝ ነው። ሁለታችሁም ግን የጠየቃችሁኝ መቼ እንደምመጣ እንጂ መምጣት እፈልግ እንደሆነ አልነበረም። ለወቀሳ አይደለም የጻፍኩት። እኔም ራሴን ጠይቄው የማላውቀው ጥያቄ ነው።

አባታችን ትዝ አለኝ። በ77ቱ ድርቅ የመንግሥት ሰዎች ቤተሰቡን ከወሎ አንሥተው ወደዚህ ሲያመጡ አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር፤ ጉዞውን ታስታውሺዋለሽ። እኔ በዓመቱ እዚህ ተወለድኩ። አንቺ ወሎን ስታስቢ ቤቱም ምንጩም ይታይሻል። እኔ ግን "አገርህ" ስባል የሚታየኝ የእናንተ ፊት ነው፤ እናንተ ስለዚያ ስታወሩ የምትሆኑት አኳኋን። አባታችን ስለ ጉዞው ሲጠየቅ ነገር አያረዝምም ነበር። "መጣህ አትበሉኝ፤ አመጡህ በሉኝ" ይልና ሥራውን ይቀጥላል። ቤቱ የተሠራበትን ቦታ የመረጡለት ሌሎች ናቸው፤ መንደራችን እንኳ ይኸው እስከ ዛሬ የሚጠራው በቁጥር ነው። ማንጎዎቹን ግን ትከል ያለው ሰው አልነበረም። ያኔ በቋንቋ እንኳ ከማይግባባው ከሻዕባን፣ ኋላ አማቴ ከሆኑት ከሻዕባን፣ ፍሬውን ለምኖ፣ ዘሩን አድርቆ፣ ራሱ ቆፍሮ ተከላቸው። እዚህ አገር ሳይታዘዝ የሠራው የመጀመሪያ ሥራ እሱ ይመስለኛል።

ለኢተፋ ባለፈው ዓመት በሚያዝያ ደውዬ አልመጣም አልኩት። የተዘጋጀልኝን ቦታ አልፈልግም ስል በዕድሜዬ የመጀመሪያዬ ነው። ጀግንነት እንዳይመስልሽ፤ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ስንት ቀን አልጋ ላይ ዋልኩ። ኢተፋም አልተቀየመኝም። "ፎርማን፣ ማሽላ ፊሽካ አይሰማም" ብሎ ሳቀብኝ።

ቀልዱ ሐምሌ ላይ እውነት ሆነ። ማሽላው አረም ውጦት ስለነበር ደቦ ጠራሁ። የዚህን አገር ደቦ አልረሳሽውም። ሰው የሚመጣው ለሥራው ብቻ አይደለም፤ አብሮ ሊያርም፣ አብሮ ሊዘፍን፣ ከሁሉም በላይ አብሮ ሊበላ ነው። የበላ ሰው ነገ ለራሱ እርሻ ሲጠራሽ እንድትሄጂለት ቃል አስገብቶሽ ሄደ ማለት ነው። ዐፊፋና እህቶቿ ገና ጎህ ሲቀድ ተነሥተው የማሽላ ገንፎውን አገነፉ፣ የባሚያ ወጡን ሠሩ፣ የሚጠጣውን ከርከዴ አፈሉ። ሰውም መጣ፤ ከእኛ መንደርም፣ ከእነ ሻዕባን የበርታ መንደርም፣ ከባምባሲ መንገድ ማዶ ያሉት እነ ቦዔዝ ሳይቀሩ መጡ።

እኔ ደግሞ ሰዓቴን አሥሬ፣ ያንን ፊሽካ አንገቴ ላይ አድርጌ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ሰዉን በሦስት ቡድን ከፈልኩት። ሥራው እንዳይቆም አንዱ ሲያርፍ ሌላው እንዲገባ ተራ አወጣሁ። ዘገየ ያልኩትን ስሙን ጠርቼ አስጠነቀቅኩ። ዘፈኑ ሲጀመር መስመሩ ቀስ ሲል አየሁና ዘፈኑ ለምሳ ይቆየን አልኩ። ዘፈኑ ቆመ። ከዚያ በኋላ የሚሰማው የዶማ ድምፅና የእኔ ፊሽካ ብቻ ነበር። ቀኑን ሙሉ ይፈጃል የተባለው አረም ከቀትር በፊት አለቀ። ምን ያህል ደስ እንዳለኝ አልደብቅሽም፤ ግድቡ ላይ እንደዚያ ያለ ሥራ ቢሠራ ቡድኑ ይመሰገንበታል።

ምሳ ቀርቧል ብዬ ዞር ስል ሽማግሌዎቹ ዶማቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገዋል። በረካ ይሁን አሉኝ፤ ረጋ ብለው፣ ያለ ቁጣ። እና ሄዱ። ወጣቶቹም ተከተሏቸው። እጃቸውን እንኳ አልታጠቡም። ዐፊፋ ድስቶቹ አጠገብ ቁጭ እንዳለች ቀረች። ያንን ሁሉ ገንፎ ለብቻችን ስንበላው ሰነበትን፤ ዐርዋ እስከ ዛሬ ገንፎ ሲባል ፊቷን ታጨማድዳለች።

ማምሻውን ሻዕባን መጡ። አማርኛቸውን ታውቂዋለሽ፤ ቃል አያባክኑም። ደጃፉ ላይ ተቀመጡና፣ "አብዱልሐሚድ፣ እኛ ወንዝ ነው እንዴ? ልትገድበን ነው?" አሉኝ። ዐፊፋ ከጓዳ ስትስቅ ሰማኋት፤ ከጠዋት ጀምሮ የሰማሁት የመጀመሪያ ድምጿ ነበር። እኔ ግን ተከራከርኳቸው። ሥራው በግማሽ ቀን አለቀ፣ ሰው ሳይደክም ወደ ቤቱ ገባ፣ ጥፋቴ ምንድን ነው አልኳቸው። አባ ሻዕባንም፣ "ሥራ አልቋል። ሰው ግን አልመጣም። እጅ ብቻ ነው የመጣ" አሉኝ። ከዚያ ውሃ ጠጥተው ሄዱ።

እታለም፣ ይህን ነገር ብዙ ጊዜ አወጣሁት አወረድኩት። ለኢተፋ አልመጣም ካልኩ ወዲህ የራሴ ጌታ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። የራስ ጌታ መሆን ማለት ደግሞ ፊሽካውን መያዝ ነው ብዬ አምን ነበር፤ ሌላ ዓይነት አላየሁማ። አባታችንን ያመጡት ሰዎች እንዳደረጉት፣ እኔን ያሠሩኝ ሰዎች እንዳደረጉት፣ እኔም ሰውን በቡድን ከፍዬ አሰለፍኩት። በክፋት አልነበረም። እነሱም ምናልባት በክፋት አልነበረም።

ዞሬ ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ ስነሣ ዐፊፋ ከለከለችኝ። ይቅርታ በአፍ ከጠየቅካቸው ይቅር ብለንሃል ይሉሃል፣ ከዚያ ሁለተኛ አይመጡልህም አለችኝ። ይልቅ ሰው ደቦ ሲጠራ ስማ፣ ሳትጠራም ቢሆን ሂድ፣ መስመሩ ላይ መጨረሻ ላይ ቁም፣ ሲዘፈን ተቀበል፣ ሲቀርብልህ ብላ። ይህን አለችኝና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እኔም እንዳለችኝ አደረግኩ። ክረምቱን አረም ላይ፣ መኸሩን አጨዳ ላይ፣ ከዚያም ቀርከሃ ቆርጠው አጥር ሲያጥሩ፣ ለአንዱ ጎጆ ሲያቆሙ፣ ያልዋልኩበት ደቦ የለም ማለት ይቻላል። በመጀመሪያው ቀን ስመጣ ቦዔዝ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ፎርማን መጣ፤ ሰዓታችሁን ደብቁ" አለ። ሰዉ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ትንሽ ቢያመኝም። ከዚያ ወዲህ ስሜ ፎርማን ሆኖ ቀርቷል። የበርታ ዘፈን ስቀበል ቃላቱን አበላሻለሁ፤ ሴቶቹ ደግመው ያስብሉኛል፣ ደግሜ አበላሻለሁ፣ እንደገና ይስቃሉ። ደክሞኝ እገባለሁ። ግን እንቅልፌ ቀስ በቀስ ወደ ሌሊቱ ተመለሰ።

አሁን ወደ ማንጎዎቹ ልምጣ። አንቺ የምታስታውሺያቸው ማንጎዎች ከሞቱ ቆይተዋል እታለም። ዛፎቹ ቆመው ነበር እንጂ፣ ያ ነጭ ተባይ ከገባ ወዲህ ቅጠሉ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ፍሬው ሳያድግ ይረግፋል፣ የተረፈውም ልጣጩ ተለብልቦ ገዢ የለውም። ዛፎቹ ከቤት በላይ ስላደጉ መድኃኒት ለመርጨት እንኳ አይደረስባቸውም። ከወረዳው ግብርና የምትመጣ ሕሊና የምትባል ባለሙያ አለች፤ ልጅ እግር ናት፣ ትዕግሥቷ ግን የሽማግሌ ነው። ከግንዱ ቆርጣችሁ ጣሉት፣ ሥሩ ጤነኛ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ያቆጠቁጣል፣ በለጋው ላይ የተሻለውን ዝርያ እናዳቅለዋለን፣ አጭር ሆኖ ሲያድግ በእጃችሁ ትንከባከቡታላችሁ አለች። መቼ ያፈራል ብዬ ብጠይቃት ቢፈጥን በሦስት ዓመት አለችኝ። እርግጠኛ ነሽ ወይ አልኳት። "ይሆናል ብዬ አልምልልህም፤ እንዲሁ ከተተወ ግን እንደማይሆን እምላለሁ" አለችኝ።

መንደሩ አልወደደውም። የሚያፈራ ዛፍ አይቆረጥም የሚለው ነገር በእኛም በእነሱም ዘንድ ያው ነው። ሦስት ዓመት ደግሞ ለእኔ ዕድሜ ቀላል አይደለም። ወራት አመነታሁ። አንቺንም በስልክ ልነግርሽ ጀምሬ ነበር፤ ስለ ፋብሪካው ስትጠይቂኝ ተውኩት። በመጨረሻ ማንም ሳይገፋኝ፣ ማንም ሳይከለክለኝ፣ አንድ ቀን ጠዋት ወስኜ ተነሣሁ። ደቦ ልጥራ ወይ ብዬ ዐፊፋን ጠየቅኳት። ጥራ፣ እኔም ድስት እጥዳለሁ፣ ካልበሉ ግን ያንተን ገንፎ አንተው ትጨርሰዋለህ አለች።

ትናንት ጠዋት መጡ። እኔ ምንም አላዘዝኩም፤ ገመዱ የት እንደሚታሰርና ዛፉ ወዴት እንደሚወድቅ ሕሊና አሳየች፣ የቀረውን እነሱ ተከፋፈሉት። መጀመሪያ መጋዙን ማን ይያዝ ሲባል ሰው ሁሉ ወደ ኋላ አለ። ያኔ ሻዕባን ተነሡ። "ዘር የሰጠ እኔ ነው። መጋዝም መጀመሪያ እኔ ይይዛል" አሉና ቢስሚላህ ብለው ጀመሩት። ከዚያ ወዲያ የቀረ ሰው አልነበረም። ዘፈኑ ረጅም ነበር፣ ሥራውም ረጅም ነበር፤ አንዱ ግንድ ተንጋዶ ወድቆ የቀርከሃ አጥራችንን ይዞት ሄደ። ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ቦዔዝ መጋዙን ጣል አድርጎ፣ "ፎርማን፣ ምነው፣ ፊሽካው ጠፋብህ እንዴ? ርቦናል" አለኝ። ተቀመጡና በሉ። ድስቱ እስኪፋቅ በሉ። አንዲት አሮጊት ባሚያው ጨው ያንሰዋል ብለው ዐፊፋን ወቀሷት፤ ዐፊፋ ተወቅሳ እንደዚያ ደስ ሲላት አይቻት አላውቅም።

ዛሬ ጠዋት ጉቶዎቹ መካከል ቆሜ ነበር። ባዶ ነው፤ ለዓይን አያምርም። ደስ ብሎኛል ብዬ ልጽፍልሽ አልችልም፤ ክንዴን ማንሣት አቅቶኛል፣ ስለ ሦስቱ ዓመትም እፈራለሁ። እስከዚያው ማሽላው ይይዘናል፣ ከግድቡ ይዤው የመጣሁት የብየዳ ሥራም እዚህ እዚያ አላጣም። ግን አንድ ነገር አለ። ሲነጋ የሚቀሰቅሰኝ የለም፣ ነቅቼም ምን እንደምሠራ አውቀዋለሁ። አመሻሽ ላይ ስቀመጥ ሌላ ቦታ መሆን ነበረብኝ የሚል ነገር አይመጣብኝም። ይህ ጥጋብ አይደለም፤ የሚበቃ ነገር ነው። እናታችን ቤት ውስጥ ያለው አንድ እፍኝ እህል ሲሆን "አላህ በረካ ያድርግበት" ስትል ምን ማለቷ እንደነበረ አሁን ትንሽ የገባኝ ይመስለኛል። ኮምቦልቻ አልመጣም እታለም። አገራችንን ንቄ አይደለም። እናታችንን ላያት በየዓመቱ እመጣለሁ፤ ለመኖር ግን እዚሁ ነኝ። አባታችንን እዚህ አመጡት፤ ስለ እኔ ግን ወንድምሽ ለምን እዚያ ቀረ ብለው ቢጠይቁሽ፣ መረጠ በዪላቸው።

አሁን የቀረው የአንቺ ድርሻ ነው። ከአጥሩ ወዲያ ያሉትን ማንጎዎች አልነካኋቸውም፤ እንደቆሙ ናቸው። ነጋዴው ሁለታችንም ካልተስማማን ሙሉውን አይከራይም ተብሎ ስለተነገረው አሁን የአንቺን ግማሽ ብቻውንም እወስዳለሁ እያለ ነው። የምነግርሽ ችግር አንድ ነው። አባታችን የቆፈረው የውሃ ጉድጓድ ያለው በአንቺ በኩል ነው። የተዳቀለው ለጋ በበጋ ውሃ ካላገኘ አይተርፍም፤ ወንዙ ደግሞ ለጉልበቴ ሩቅ ነው። ስለዚህ ድርሻሽን እንዳለ ብትተዪልኝ፣ የሚያፈራውን በእኩል እንካፈላለን። ያ ካልሆነልሽ ጉድጓዱን ብቻ ለእኔ አስቀሪልኝና ሌላውን አከራዪ። ሁለቱም ካልሆነልሽም መብትሽ ነው፤ ልጆችሽን እንደምታስተምሪ አውቃለሁ፣ ከእኔ ይልቅ አንቺ ብዙ ዓመት ተሸክመሻል። በእናታችን እንባ አልለምንሽም፤ አንቺም በእሱ አትለምኚኝ። የራሴን ወሰንኩ። የአንቺን አንቺ ወስኚ። ጉድጓዱ ቢሄድ ሌላ ለመቆፈር እሞክራለሁ እንጂ አንቺን አልቀየምም።

ለእናታችን እጇንም ጉልበቷንም ስሚልኝ፤ ዱዓዋ እንዳይለየን በዪልኝ፣ ሹራቡንም ዛሬውኑ አልብሻት። ለወንድሜ፣ ለባለቤትሽ ለእንድሪስ ሰላምታዬ ይድረሰው፤ የላከልኝ የመጋዝ ስለት ትናንት የዋለውን ውለታ ሲመጣ አሳየዋለሁ። ለሰዓዳ ፈተናዋን አላህ ያቅልልላት፤ አጎትሽ ስምሽን ሳያነሣ አይሰግድም በያት። ለትንሹ ለአንዋር ዐርዋ የወደቀ ጥርሷን ልትልክለት ስትል በግድ ነው ያስቆምኳት። ዐፊፋ እጅ ትነሣለች፤ ለእናታችን የደረቀ ባሚያና ከርከዴ ቋጥራ ከሙዳሲር ጋር ልካለች። አማቴ ሻዕባንም ሰላም በልልኝ ብለውኛል፤ አንቺን አሁንም "የአብዱ ትልቅ" እያሉ ነው የሚጠሩሽ።

የቀበሌው የመሬት ኮሚቴ ረመዷን ሳይገባ የእኛን ጉዳይ አይቶ ሊዘጋው ቀጠሮ ሰጥቷል። ያንቺ ቃል በጽሑፍ፣ ከፊርማሽ ጋር እንዲደርሳቸው ይፈልጋሉ፤ የትኛውንም ብትመርጪ እኔ ከጎኑ እፈርማለሁ። ሙዳሲር ሲመለስ በእጁ ብትሰጪው ይደርሳል። ኮሚቴው የሚቀመጠው ሰኞ፣ የካቲት 2 ጠዋት ነው።

ወንድምሽ አብዱልሐሚድ

አሶሳ፣ ሐሙስ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.